ከንፈር አትምጠጡላት

የድምፅ አልባ ፊልም ነገር በተነሣ ቁጥር የሚባለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ቻርሊ ቻፕሊን ነበረ፤ ቀጥሎ ፊቱ የማይፈታው ባስተር ኪተን፤ ከዚያ ከፎቅ ሰዓት ላይ የተንጠለጠለው መነጽራሙ ሃሮልድ ሎይድ። ሴቶችስ? ሴቶችማ ነበሩ፤ የሚሳሙ፣ የሚባረሩ፣ ከባቡር የሚድኑ። ትንሽ ያነበበ ሰው አንድ ስም ይጨምራል፤ ማቤል ኖርማንድ። ስሟን ጠርቶ ሳይጨርስም ከንፈሩን ይመጥጣል። የቻርሊ አጋር ነበረች፣ የስቱዲዮው አለቃ ፍቅረኛ ነበረች፣ ሰው ተገደለና ስሟ ተነሣ፣ ሱስ ያዛት፣ በ37 ዓመቷ ሞተች። ምስኪን።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያናድደኝ አጋር መባሏ አይደለም። ያ ስሕተት አንድ ከሰዓት ተቀምጦ ፊልሞቿን በማየት ይታረማል። የማይታረመው ከንፈር መጠጣው ነው። ያዘነላት ሰው መልካም ያደረገ ይመስለዋል፤ ለሟች ያለበትን የከፈለ ይመስለዋል፤ ፊልሟን ማየት ግን አያስፈልገውም። የሚያለቅሱላት ሴት እንደምን ታስቃለች? እንዲህ እየሆነ ወዳጆቿ ነን የሚሉት ሰዎች ከጠላቶቿ የባሰ በደሏት። ጠላቶቿ ፊልሟን ከሲኒማ ቤት ነበር ያስወረዱት፤ ወዳጆቿ ከአእምሯችን አወረዱት።

እንግዲህ ሥራዋን እንይ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ማቤል በ1892 ኒው ዮርክ፣ ስታተን ደሴት ላይ ተወለደች። አባቷ አናጢ ነበር፤ ቤቱም የድኃ ቤት። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ቻርልስ ዳና ጊብሰንን ለመሰሉ ሠዓሊዎች ሞዴል ሆና እየተቀመጠች ገንዘብ ታገኝ ነበር። በ1910 አካባቢ ፊልም ገባች፤ መጀመሪያ ቫይታግራፍ፣ ከዚያ ዳይሬክተሩ ግሪፊዝ ወደሚሠራበት ባዮግራፍ። እዚያ ማክ ሴኔት ከሚባል፣ ኮሜዲ ካልሆነ ምንም ከማይጥመው ሰው ጋር ተገናኘች። በ1912 ሴኔት ኪስቶን የሚባለውን ስቱዲዮ ሎስ አንጀለስ ላይ ሲያቋቁም ከመጀመሪያዎቹ ባልደረቦቹ አንዷ እሷ ናት። ኪስቶን በሴፕቴምበር 23 ቀን 1912 ለሕዝብ ባወጣቸው የመጀመሪያ ፊልሞች ውስጥ በዋና ልብስ ስትዘል የምትታየው እሷው ናት። በዚያው ዓመት ለአንድ አጭር ፊልም አውሮፕላን ላይ ወጥታ በረረች። ያን ጊዜ አውሮፕላን ማለት በእንጨትና በጨርቅ የተሠራ፣ አብራሪውን በየጊዜው የሚገድል ዕቃ ነበር፤ ማቤልን ይዞ የበረረው ፊሊፕ ፓርማሊም በዚያው ዓመት ተከስክሶ ሞቷል። በእሷ ምትክ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

በ1913 የተሠራ አንድ ፊልም አለ፤ «የማቤል የተዋናይነት ሕይወት» ብለን ርዕሱን ልንመልሰው እንችላለን። ማቤል የወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። የቤቱ ልጅ፣ ሴኔት ራሱ የሚጫወተው ጅል ገበሬ፣ ይወዳታል፤ እናት አይሆንም ትላለች፤ የከተማ ልጅ ትመጣለች፤ ማቤል ዕቃዋን ሸክፋ ትሄዳለች። ዓመታት አልፈው ገበሬው ከተማ ይወጣና የሲኒማ ቤት በር ላይ የማቤልን ፎቶ ተለጥፎ ያያል። ይገባል። ከሸራው ላይ የቀድሞ ወዳጁን አንድ ክፉ ሰው ያሠቃያታል። ገበሬው መጀመሪያ ይቁነጠነጣል፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ይደበድባል፤ በመጨረሻ ሽጉጡን መዝዞ ሸራውን ይተኩስበታል። ሲኒማ ቤቱ ይበተናል። ከዚያ ክፉውን ሰው ሊገድል ሲያሳድድ፣ ያን «አሠቃይ» በቤቱ ከማቤልና ከልጆቻቸው ጋር ሰላማዊ አባወራ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን ፊልም ሲኒማ ገና እግር ባላወጣበት ዘመን እንደተሠራ አስታውሱ። ፊልም ስለ ፊልም ያወራል፤ ተመልካቹን ራሱን መሳቂያ ያደርጋል። ማቤል እዚያ ውስጥ ሁለት ሰው ናት፤ የታች ቤት ሠራተኛዋና ከሸራው ላይ ያለችው ኮከብ። ሁለቱን አንድ ፊት ይዛ ትለያያቸዋለች። ወጥ ቤት ውስጥ ትከሻዋ ይወድቃል፣ እጇ የሚቀመጥበት ያጣል። ከሸራው ላይ ግን የኪስቶንን የተጋነነ አወዳደቅና አጯጯህ (ድምፁ ባይሰማም ይታያል) እያወቀች ታሾፍበታለች። ይህ ለቆንጆ ልጅ ካሜራ ፊት ቁሚ ተብላ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ሙያ ነው።

ርዕሶቹንም እዩ። ኪስቶን ፊልሞቹን ሲሰይም «ማቤል እንዲህ አደረገች»፣ «ማቤል እዚህ ገባች» እያለ ነበር። ነጋዴ ደግሞ የአጃቢ ስም ቦርድ ላይ አይጽፍም። ሕዝቡ ስሟን አንብቦ ሳንቲሙን እንደሚከፍል ስለሚያውቅ ነው የጻፈው።

አሁን ወደ ቻርሊ እንምጣ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነውና። ቻርሊ ኪስቶን የገባው በ1914 መባቻ ነው፤ ከእንግሊዝ የመድረክ ኮሜዲ መጥቶ፣ ካሜራ የሚባል ነገር ገና እየለመደ። ባርኔጣውን፣ ሰፊ ሱሪውንና ከዘራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠለቀው ሆቴል ውስጥ ለሚካሄድ አንድ የማቤል ፊልም ነው። ዳይሬክተሯ እሷ እንደነበረች ዛሬ ይመዘገባል፤ ዋናዋ ተዋናይትም እሷ ናት። የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች የክፍሏ በር ተዘግቶባት ኮሪደር ላይ የምትቀረው ሴት እሷ ናት፤ ቻርሊ ሎቢው ውስጥ የሚንገዳገድ ሰካራም ነው። የዓለም ሕዝብ የሚያውቀው ያ ሰው በማቤል ፊልም ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ ተወለደ። (የመኪና ውድድር ላይ የሚያውክበት ሌላው ፊልም በሁለት ቀን ቀድሞ ለሕዝብ ቀረበ እንጂ ልብሱ የተለበሰው ለዚህኛው ነበር።)

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጠቡ መጣ። «ማቤል መሪውን ይዛ» የተባለውን የመኪና ውድድር ፊልም እሷ ስታዘጋጅ ቻርሊ አልታዘዝ አለ። ራሱ በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ነግሮናል፤ ውበቷን እያደነቀ፣ ዳይሬክተር የመሆን ብቃቷን ግን እንደተጠራጠረ። እሷ 21 ዓመቷ ነበር፣ እሱ 24። ሆኖም እሷ ከኋላዋ የዓመታት ሥራና እጅግ ብዙ ፊልም አላት፤ እሱ ካሜራ ፊት ከቆመ ሦስት ወር አልሞላውም። ጀማሪው የነባሯን ብቃት ጠረጠረ። ይህን ስናነብ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳን ወገናችን ወዲያው ወደ እሱ ይሄዳል፤ ምክንያቱም በኋላ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ያን ቀን ግን ማንም አያውቅም።

የጠቡስ መነሻ ምን ነበር? ቻርሊ መንገዱን በውኃ ጎማ ሲያርስ ጎማውን ረግጦ፣ ውኃው ለምን ቆመ ብሎ አፉን ሲያይ እግሩን አንሥቶ ፊቱ ላይ እንዲረጭ ፈለገ። እሷ ጊዜ የለንም አለች። እሱ አኩርፎ ተቀመጠ። ታሪኩን የሚተርኩ ሁሉ «አዲሱን ሊቅ አልገባትም» ይላሉ። ልብ በሉ! ያ ቀልድ አዲስ አልነበረም። የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1895 ፓሪስ ላይ ካሳዩአቸው የመጀመሪያ ፊልሞች አንዱ አትክልተኛውን በራሱ ጎማ የሚያረጥበው ልጅ ነው። ቻርሊ ያቀረበው ሐሳብ በሲኒማ ታሪክ ከሁሉ የቆየው ቀልድ ነበር። ዳይሬክተሯ አይሆንም ያለችው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የዘለቀ ነገርን ነው። እኔ ብሆንም አይሆንም እል ነበር።

ሴኔት ቻርሊን ሊያባርረው ምንም አልቀረውም ነበር፤ ከኒው ዮርክ የመጣው የገበያ ወሬ ነው ያዳነው፤ የቻርሊ ፊልሞች እየተሸጡ ነው፣ ጨምሩ ተባለ። ከዚያ ታረቁ። ታርቀውም በዚያው ዓመት አብረው ብዙ ሠሩ፤ ከእነሱም ውስጥ ካባሬ ውስጥ አስተናጋጅ የሚሆንበትን ያዘጋጀችው እሷው ናት። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ማሪ ድሬስለርን ይዘው የመጀመሪያው ረጅም ኮሜዲ የሚባለውን «የቲሊ የተበሳ ፍቅር» አብረው ተጫወቱ። ያ ጠብ በሁለቱ መካከል እንዲህ አጭር ነበር። እኛ ነን መቶ ዓመት ያቆየነው። በ1992 የወጣው የሪቻርድ አተንቦሮ ፊልም እንኳ ማቤልን ሲያሳይ ቻርሊን የምትጋፋ ቁጡ ልጅ አድርጎ ያልፋታል፤ ሥራዋ እንቅፋት መሆን ብቻ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን አልሸሽም፤ ቻርሊ በኋላ የደረሰበት እሷ አልደረሰችም። «የከተማ መብራቶች»ን የሠራ ሰው ከማንም ጋር አይወዳደርም። ግን ያ በ1931 የወጣ ፊልም ነው፤ እሷ ያን ጊዜ መቃብር ውስጥ ናት። የ1914ቱን ቻርሊ ከ1914ቷ ማቤል ጎን አስቀምጡና እዩ። እሱ ይራገጣል፣ ይደበድባል፣ ይጎነትላል። እሷ ቆም ትላለች። አንድ ነገር ሲደርስባት ወደ ካሜራው ሰረቅ አድርጋ «አያችሁልኝ?» የምትል ትመስላለች፤ ይህን ደግሞ ቻርሊ ኪስቶን ሳይገባ በፊትም ታደርገው ነበር። የዚያን ዓመት ከእሷ የምትበልጥ ፊት ኪስቶን ግቢ ውስጥ አልነበረም።

ደግሞ በሌላ በኩል የሚሟገቱላት አሉ፤ እነሱም ያደክሙኛል። ኬክ በሰው ፊት ላይ መወርወርን በፊልም የጀመረችው ማቤል ናት ይላሉ፤ በ1913 ወፍራሙን ሮስኮ አርባክልን መታችው፣ ስለዚህ ታላቅ ናት። በመጀመሪያ ከዚያ በፊትም ኬክ ፊት ላይ ያረፈበት ፊልም አለ። ሁለተኛ ቢሆንስ? ኬክ መወርወር ሙያ ነው እንዴ? ለቻርሊ ሲሆን ስለ ነፍሱ ጥልቀት እንጽፋለን፤ ለእሷ ሲሆን ስለ ኬክ።

በ1916 በስሟ የሚጠራ የፊልም ኩባንያና የራሷ ስቱዲዮ ተቋቋመላት። እዚያ የሠራችው «ሚኪ» መውጫ አጥቶ ከዓመት በላይ መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ፤ በ1918 ሲወጣ ግን ከዘመኑ ብዙ ተመልካች ካገኙ ፊልሞች አንዱ ሆነ። ከዚያ ሳሙኤል ጎልድዊን ወሰዳት። ከዚያ ተመልሳ ለሴኔት ረጃጅም ኮሜዲዎች ሠራች፤ ከእነሱ በ1923 የወጣው «ዘ ኤክስትራ ገርል» ነው እኔ ከሁሉ የምወደው።

ታሪኩ ቀላል ነው። የገጠር ልጅ የፊልም ኮከብ ልሆን ብላ ሆሊውድ ትሄዳለች፤ በስሕተት የሌላ ቆንጆ ፎቶ በስሟ ተልኮ ስለነበር ሲያዩዋት ያዝናሉ፤ የልብስ ክፍል ውስጥ ሥራ ይሰጧታል። አንድ ቀን የአንበሳ ልብስ የለበሰ ውሻ ወደ ቀረጻው ቦታ እንድታደርስ ትታዘዛለች። በመሐል ነገሩ ይለዋወጥና እውነተኛ አንበሳ በገመድ ይዛ ትወጣለች። አታውቅም። ወደ ኋላ አታይም። ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ልክ ገበያ እንደምትወርድ ሴት፣ ቀጥ ብላ በስቱዲዮው መሐል ትሄዳለች። አንበሳው ይከተላል። ሰው ሁሉ በበር በመስኮት ይሸሻል። እሷ ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ነካው በሚል ፊት ታልፋለች። ገመዱ ሲከብዳት ጎተት ታደርገዋለች፤ እምቢ ሲል ትቆጣለች።

ይህን ትዕይንት ሌላ ተዋናይ ቢጫወተው ገና ከመነሻው ዐይኑን ያፈጥ ነበር። ማቤል ምንም አትሠራም። ሥራዋ አለማወቅ ብቻ ነው፤ ሳቁን ለእኛ ትታልናለች። አንበሳው ደግሞ የእውነት አንበሳ ነው፤ ገመዱን የያዘችውም እሷው ናት። እውነቱን ስታውቅ ፊቷ ላይ የሚሆነውን ለመግለጽ አልሞክርም፤ ሂዱና እዩት። ይህን ስትሠራ የሳንባ ነቀርሳ በሰውነቷ ውስጥ ነበረ፤ ጋዜጣው በየቀኑ ስሟን እየበላ ነበረ። ለቅሶኞቿ ይህን ሲሰሙ አሁንም ከንፈራቸውን ሊመጥጡ ይነሣሉ። ቁጭ በሉ! አንበሳውን እዩ።

ይህ ሁሉ ከእኛዋ ደጋን ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ቻርሊን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ትላልቆቹ በቴሌቪዥን፣ ትንንሾቹ በስልክ አይተውታል። «ሴት ልጅ አታስቅም፤ የሴት ቀልድ አይጥምም» የሚለውንም ወንዶች ጫት ላይ ተቀምጠው በሙሉ ልብ ሲናገሩት እሰማለሁ። ጉድ የሚሆነው በዚያው ቤት ጓዳ ውስጥ ሌላ ጉባኤ መኖሩ ነው። ቡናው ወደ ቶናው ሲሸጋገር አንዷ ነጠላዋን ታጣፋና የቀበሌውን ሊቀመንበር አካሄድ ትሄዳለች፤ ቃል ሳትናገር፤ ሆዷን ነፍታ፣ እጇን ከኋላ አጣምራ፣ በሦስተኛው ርምጃ ላይ ቆም ብላ አገር የምትቃኝ መስላ። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሌላዋ ከአረብ አገር የተመለሰችውን ጎረቤት ሻንጣ አጎታተት ታሳያለች፤ ተመላሿ ራሷ እዚያው ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች፤ ቀጥላም እመቤቷ ስትቆጣ ምን እንደምትመስል ራሷ ተነሥታ ታሳያቸዋለች። ድምፅ አልባ ኮሜዲ ማለት ይኸው ነው። በረካው ተጠጥቶ ወንዶቹ ከተቀመጡበት ሲመጡ ሁሉም ነጠላውን ያስተካክላል። ያላዩትን ነው እንግዲህ የለም የሚሉት።

በመድረካችንም ታሪኩ ያው ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን ኮሜዲ ነበር፤ የተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ»፣ ማቤል በሥራዋ ጫፍ ላይ በነበረችበት በ1921 ገደማ የታየው። ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም፤ ቴአትርም እስከ ንግሥት ዘውዲቱ ዕረፍት ድረስ ትንፋሽ አጣ። ቆይቶ መድረኩ ሲከፈት የሴት ሚና የሚጫወቱት ሻሽ ያሰሩ ወንዶች ነበሩ፤ አስናቀች ወርቁ ያን በር እስክትከፍት ድረስ። የወንድን ሻሽ ማሰር አይቶ የሳቀ ሕዝብ ሴቷ ራሷ ስትመጣ እንድታስለቅሰው ጠበቀ። ዛሬም በየቴሌቪዥኑ ተከታታይ ድራማ እዩ፤ እንድታስቅ የሚፈቀድላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ናት። እመቤቲቱ ታለቅሳለች፣ ሠራተኛዋ ታስቃለች። ማቤልም ብዙውን ጊዜ ሠራተኛ፣ ተላላኪ፣ አስተናጋጅ ሆና ነው የምትጫወተው። ልዩነቱ እሷ ሠራተኛዋን ዋና ሰው አድርጋት፣ ርዕሱን ወስዳ፣ ታሪኩን አዙራ ይዛው መሄዷ ነው። የእኛ ደራሲዎች ከዚህ ቢማሩ አልጠላም።

አሁን ወደ ሽጉጡ። ብዙ ሰው የሚፈልገው እሱን ስለሆነ በአጭሩ እለዋለሁ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1922 ምሽት ማቤል ወዳጇን ዳይሬክተር ዊልያም ዴዝመንድ ቴይለርን ጠየቀችው፤ እስከ መኪናዋ ሸኛት፤ እሷ ከሄደች በኋላ ቤቱ ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ ጠዋት ተገኘ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሷ ላይ ክስ የመሠረተ የለም። ከዚያ በፊት የሥራ ጓደኛዋ አርባክል በአንዲት ተዋናይት ሞት ተከስሶ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ፍርድ ቤት ቆሞ በመጨረሻ ነጻ ወጥቷል፤ የእሱ ፊልሞች ሲወርዱ እሷ ያለችባቸውም አብረው ወረዱ። በ1924 አዲስ ዓመት ዕለት ደግሞ ሾፌሯ የእሷን ሽጉጥ ይዞ አንድ ባለሀብት አቆሰለ። ሰውየው ዳነ። ተኳሹ ሾፌሩ፣ የቆሰለው ባለሀብቱ፣ ፊልሟ በየከተማው የታገደባት ግን ማቤል። ስለ ኮኬይን የሚወራውን አንዱ የታሪክ ጸሐፊ ያጸድቀዋል፣ ሌላው ይክደዋል፤ የገደላት ነቀርሳው ስለመሆኑ ግን ክርክር የለም።

እሺ፣ ቅሌት እንቁጠር ካላችሁ እንቁጠር። ቻርሊ በ1918 የ16 ዓመት ልጅ አገባ። በ1924 ሌላ የ16 ዓመት ልጅ አገባ፤ ፍቺው የአሜሪካ ጋዜጦችን ወራት አጠገበ። አድናቂዎቹ ሲጽፉት ያ ሁሉ በአንድ አንቀጽ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ጥበቡ ይገባሉ። ለማቤል ግን ጥበቡ በአንድ አንቀጽ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ሽጉጡ ይገባሉ። ሴኔትም ቢሆን በ1954 ባወጣው ትዝታው ሥራዋን የሚያነሣው በፍቅራቸው ታሪክ ተጠቅልሎ ነው፤ በ1974 ብሮድዌይ ላይ የቀረበው «ማክ ኤንድ ማቤል» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትርም ያንኑ ፍቅር አዜመው። እሷ ትዝታዋን ሳትጽፍ ሞተች። ሁለቱ ወንዶች ጻፉላት።

ጠንካራው ተቃውሞ አንድ ነው፤ ችሎታ ካላት ለምን ዳይሬክተርነቱን ተወችው? ከኪስቶን ዘመን በኋላ ራሷ አላዘጋጀችም፤ እውነት ነው። ግን ዙሪያዋን እዩ። በ1914 ፊልም በጥቂት ቀን የሚሠራ የአሥርና የሃያ ደቂቃ ነገር ነበር፤ የቻለ ያዘጋጃል። ፊልሙ ረጅም፣ ገንዘቡ ብዙ ሲሆን ባንክ ገባበት፤ ባንክ ሲገባ ዳይሬክተርነት የወንድ ወንበር ሆነ። በዚያ ዘመን ከታወቁት አዘጋጆች አንዷ የነበረችው ሎይስ ዌበር እንኳን በ1920ዎቹ ሥራ አጣች። በዓለም ካሉ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ፊልም ሠሪዎች አንዷ የሆነችው አሊስ ጊም ከ1920 በኋላ አንድም ፊልም አላዘጋጀችም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ችሎታቸው ጠፋ እንበል?

ከቅሌቱ በኋላም ቢሆን አልተኛችም። በ1926 ሃል ሮች ስቱዲዮ ገብታ አጫጭር ኮሜዲዎች ሠራች፤ ስታን ሎሬል ገና ከወፍራሙ ጓደኛው ጋር ሳይጣመር ከኋላ ሆኖ የጻፈባቸውና ያገዘባቸው ናቸው። «ዘ ኒክል ሆፐር» በሚለው ውስጥ ቀን ቀን የሰው ቤት ሥራ የምትሠራ፣ ማታ ማታ በሳንቲም የምትደንስ ልጅ ናት፤ አባትየው ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሎ የእሷን ደመወዝ ይበላል። ደጋን ውስጥ ይህን ፊልም ብታሳዩ ትርጉም የሚፈልግ አንድም ሰው አይኖርም፤ ከቤቱ ጂዳ ወይም ቤሩት የላከ ሁሉ ይገባዋል። ማቤል እዚያ 33 ዓመቷ ነው፤ ፊቷ ከስቷል፤ ጊዜ አጠባበቋ ግን እንዳለ ነው። እግሯን የሚረግጧትን ደናሾች አንድ በአንድ ስትቀበል እያንዳንዱን በተለየ ትዕግሥት ትችለዋለች። በ1927 የመጨረሻ ፊልሟ ወጣ። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1930 ሎስ አንጀለስ አጠገብ በሳንባ ሕመምተኞች ማረፊያ ውስጥ ሞተች። ለነቀርሳ የሚሆን መድኃኒት የተገኘው ከዚያ አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው።

ብዙ ፊልሞቿ ጠፍተዋል። የጠፉት ስለተናቁ ብቻ አይደለም፤ የድምፅ አልባው ዘመን የአሜሪካ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ መልካቸው ሙሉ ሆነው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። የእሷው «ሞሊ ኦ» ለዘመናት ጠፋ ተብሎ ሩሲያ መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኘ። የተረፉት ግን ብዙ ናቸው፤ የባለቤትነት መብታቸው ስላለፈ በነጻ ይታያሉ፤ ኔትወርኩ እሺ ካለ ደጋንም ኮምቦልቻም ስልክ ላይ ይወርዳሉ። ንግግር ስለሌላቸው አስተርጓሚ አያሻቸውም፤ የሚጻፈው ጥቂት ነው፣ እሱንም ተማሪ ልጅ ያነብላችኋል።

ከየት ልጀምር ለሚለኝ፣ በገበሬውና በሸራው ጀምሩ፤ አጭር ነው። ቀጥላችሁ አንበሳውን እዩ። ከዚያ «ዘ ኒክል ሆፐር»ን። «ሚኪ»ን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ስሙ ከሥራው ይገዝፋል፣ መሐሉም ይጎተታል። ከሦስቱ በአንዱም ካልሳቃችሁ እሺ፣ እንከራከር፤ ክርክሩ ግን ስለ አንበሳው ይሁን፤ ስለ ሽጉጡ የሚያወራ ሌላ ሰው ይፈልግ።